ከቦታው የተቆረጠ ቃል፦ የፍቅር ትርኢት የአደባባይ ሣቅ ስለሚሆንበት መንገድ ከውጫሌ የተነሣ ጥናት

መግቢያ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው፥ ሐይቅን ካለፈ በኋላ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ውጫሌ ይደርሳል። የዚህች ከተማ ስም በታሪክ መጻሕፍት ዘወትር የሚነሣው በአንድ ውል ምክንያት ነው። እኛን ስለ ውጫሌ ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር ግን በመጀመሪያ ሲያዩት ከውሉ ጋር ፈጽሞ የሚገናኝ አይመስልም።

ባለፈው ክረምት በዕረፍታችን ጊዜ በከተማዋ ከሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለን፥ አራት ወይም አምስት ተማሪዎች በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲሥቁ አየን። የሚመለከቱት ከአንድ የፍቅር ፊልም ተቆርጦ የወጣ፥ ግማሽ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ቅንጫቢ ነበር። ጎረምሳው ዝናብ ላይ ቆሞ ለልጅቱ ፍቅሩን ይነግራታል፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል። ከሥሩ ግን ሌላ ሰው የራሱን ጽሑፍ ለጥፎበታል፤ ጽሑፉ ስለ ፍቅር ሳይሆን ባጃጅ አጥቶ በዝናብ ስለ መቆም ይናገራል። አጠገባችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት፥ «ምን አገኛችሁ ልጆቼ?» ብለው ጠየቁ። ከተማሪዎቹ አንዲቱ፥ «ምንም አይደል አባባ፤ ልጁን ፍቅር ይዞት ነው» አለቻቸው። እርሳቸውም፥ «ታዲያ ፍቅር በያዘው ሰው ይሣቃል?» አሉ። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ይበልጥ ሣቁ። እኛን ግን ጥያቄው እስከ ኮሌጃችን ድረስ ተከተለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። ለልብ ማራኪነት የተሠራ የፍቅር ትርኢት እንዴት ከቦታው ተቆርጦ የብዙ ሰው መሣቂያ ይሆናል? ይህስ ልማድ ከስልክና ከኢንተርኔት ጋር የመጣ አዲስ ነገር ነው ወይስ በአገራችን የቆየ ሥር አለው? ቃል ከቦታው ሲቆረጥስ የሚጠፋው ምንድን ነው? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

ሀ) ስለ «ሚም» ትርጉም

ዛሬ ወጣቶች «ሚም» የሚሉት ቃል የተፈጠረው ለቀልድ አልነበረም። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1976 «ዘ ሰልፊሽ ጂን» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ያወጣው የእንግሊዙ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዶኪንስ ነው። ዶኪንስ ዘር ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ሁሉ፥ ዜማም፥ አባባልም፥ የልብስ ፋሽንም ከአእምሮ ወደ አእምሮ በመቀዳት ይተላለፋሉ ብሎ አሰበ። ለዚህም የመቅዳትን ትርጉም ከያዘ የግሪክ ቃል «ሚም» የሚለውን ስም አሳጥሮ ሰጠው። ኢንተርኔት ከተስፋፋ በኋላ ቃሉ በተለይ ለሥዕልና ለቅንጫቢ ፊልም ዋለ። ሊሞር ሺፍማን የተባለች እስራኤላዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው መጽሐፍ፥ ሚም ማለት አንድ ነጠላ ሥዕል ሳይሆን እርስ በርሳቸው እየተያዩ የተሠሩ፥ በመልክ የሚመሳሰሉ፥ ብዙ ሰው እየቀዳና እየለወጠ የሚያሰራጫቸው ነገሮች ስብስብ መሆኑን አስረድታለች። ይህ አስተያየት ለጥናታችን ዋና ነው፤ መቅዳት ብቻውን ሚም አያደርግም፥ መለወጥም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር ሣቁን የሚያመጣው ስሜት ነው። የፍቅሩ ትርኢት የሚያሥቀው አስቂኝ ሆኖ ስለተሠራ አይደለም፤ ተዋናዩ ከልቡ ሲናገር ተመልካቹ ስለ እርሱ ስለሚሸማቀቅ ነው። በአማርኛ ለዚህ ስሜት የቆየ አነጋገር አለን፤ «እሱ ሳያፍር እኔ አፈርሁለት» እንላለን። «አፈርሁለት» የሚለው ግሥ በራሱ አንድ ትምህርት ይሰጣል። የሚያፍረው አንዱ፥ የሚታፈርለት ሌላው ነው። ስለዚህ በሣቁ ውስጥ ንቀት ብቻ ሳይሆን አንድ ዓይነት ዝምድናም አለ፤ ሰው ፈጽሞ ለማይመለከተው ሰው አያፍርምና።

ከዚህ ተነሥተን ሥራውን በሦስት እርምጃ ለይተን ማየት እንችላለን። መጀመሪያ ትርኢቱ ከታሪኩ ይቆረጣል። ቀጥሎ በፊት የነበረው ትርጉም ይወጣለታል። በመጨረሻም የሚያሰራጨው ሰው የራሱን ኑሮ ይሞላበታል። በሻይ ቤቱ ያየነው የዝናብ ትርኢት እነዚህን ሦስቱንም አልፎ የመጣ ነበር።

ለ) የአምባሰል ዜማና የ«ተቀበል» ሥርዓት

ይህን ሥራ የሠሩ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ባለ ስልኮች ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው የወሎን አዝማሪ አያውቅም። ከአራቱ ታላላቅ የአማርኛ ዘፈን ቅኝቶች፥ ማለት ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፥ ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው። አምባሰል የውጫሌ ሰው በየቀኑ የሚያየው ተራራና የሚኖርበት ወረዳ ስም ነው። በዘመናችን ይህን ዜማ ከማንም በላይ ያስተዋወቀችው ማሪቱ ለገሠ እንደሆነች አንባቢያችን ያውቃል።

በአዝማሪ ጨዋታ ውስጥ ለጥናታችን የሚጠቅሙ ሁለት ልማዶች አሉ። የመጀመሪያው «ተቀበል» የሚባለው ነው። ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው እየመታ ያንኑ ግጥም በዜማ ይመልሳል። ግጥሙ ከሰጪው አፍ ሲወጣ የአንድ ሰው ነበር፤ ከአዝማሪው አፍ ሲወጣ ግን የቤቱ ሁሉ ሆነ። ሌላው እንግዳ ደግሞ ያንኑ ግጥም ጥቂት ለወጥ አድርጎ መልሶ ይሰጣል፤ ይህ ጊዜ ሣቅ ይሆናል። የመጀመሪያው ሰው ስለ ሚወዳት ልጅ በቁም ነገር የተናገረው፥ በሦስተኛው ሰው አፍ ስለ ባለቤቱ ንፉግነት የሚናገር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ልማድ የስንኙ አሠራር ነው። በሕዝብ ዘፈን ውስጥ ሁለት መስመር ባላቸው ግጥሞች የመጀመሪያው መስመር ብዙ ጊዜ ስለ ወንዝ፥ ስለ ተራራ፥ ስለ ዛፍ ወይም ስለ ከብት ይናገራል፤ ከሁለተኛው ጋር የሚያገናኘው ቤት መምታቱ ብቻ ነው። ቁም ነገሩ ያለው በሁለተኛው መስመር ነው። በዚህም ምክንያት አንድ የታወቀ የመጀመሪያ መስመር ከአገር አገር እየዞረ፥ በየደረሰበት አዲስ ሁለተኛ መስመር ይቀጠልለታል። ሰሚው የመጀመሪያውን መስመር ገና ሲሰማ ያውቀዋል፤ የሚጠብቀው ቀጣዩ ምን ይሆን የሚለውን ነው። በስልክ ላይ ያለው ሚም ከዚህ በምን ይለያል? ሥዕሉ የመጀመሪያው መስመር ነው፤ ከሥሩ የሚለጠፈው ጽሑፍ ሁለተኛው መስመር ነው። የሰሚው ደስታም ከዚያው ምንጭ የመጣ ነው፤ የሚያውቀውን ነገር ባላሰበው ቦታ ያገኘዋል።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። በአዝማሪው ቤት ግጥም የሰጠውም፥ የተሣቀበትም፥ የሣቀውም በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠዋል። ቀልዱ ወሰን ካለፈ የተነካው ሰው መልስ ይሰጣል፥ አለዚያም ሽማግሌ ጣልቃ ይገባል። ስልክ ግን ጣራ የለውም።

ሐ) የውጫሌ ውል አንቀጽ 17

ከላይ ሦስት እርምጃ ብለን የዘረዘርነውን ከዘፈን ወጥቶ በመንግሥት ጉዳይ ላይ ለማየት ከፈለግን ከውጫሌ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

አፄ ዮሐንስ በመተማ ጦርነት ከሞቱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ፥ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፥ በምኒልክና በኢጣልያ መልእክተኛ በኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ መካከል 20 አንቀጽ ያለው ውል ተፈረመ። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ ነበር። በአንቀጽ 17 የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣልያንኛው የገባው ግሥ ግን «ኮንሴንቴ» ነው፤ ይኸውም በዚያው መንገድ ለመላላክ ተስማምተዋል፥ ፈቅደዋል የሚል ነው። ኢጣልያ ይህን ግሥ ይዛ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የበርሊኑን ስምምነት አንቀጽ 34 በመጥቀስ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መሆኗን ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ለኤውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ፥ ጉዳይዎን በኢጣልያ በኩል ያቅርቡ የሚል መልስ ሲመጣላቸው ነገሩ ተገለጠ። ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጦርነት ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌው ውል ተሻረ።

ይህን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። እኛ ልናሳስብ የምንወደው ግን ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። «የውጫሌ ውል» እና «አንቀጽ 17» የሚሉት ቃላት ከሰነዱ ተቆርጠው መተረቻ ሆኑ። ሁለት ፊት ያለው ስምምነት፥ አንዱ ወገን ሌላውን በቃል ያታለለበት ነገር ሲገጥመን ውጫሌን እንጠራለን። ቁጥሩ ብቻውን አንድ ታሪክ ይናገራል። ይህ ለብሔራዊ መታሰቢያ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰነዱን አንብቦ የማያውቅ ሰው እንኳ ጥንቃቄን ተምሮበታል።

ነገር ግን 17ኛው ቍጥር ሲታወስ የቀሩት 19 አንቀጾች ተረሱ። ከጓደኞቻችን መካከል አንቀጽ 3 ምን እንደሚል ብንጠይቅ መልስ የሰጠን ጥቂት ነው። አንቀጽ 3 ስለ ድንበር የሚናገረው ነው፤ አራፋሌ፥ ሐላይ፥ ሰገነይቲና አስመራ በኢጣልያ ወሰን ውስጥ እንዲሆኑ የተጻፈው በዚያ ነው። አንቀጽ 4 ደግሞ የደብረ ቢዘን ገዳም ከርስቱ ጋር የኢትዮጵያ መንግሥት ሆኖ እንዲቀር፥ ለጦር ሥራ ግን እንዳይውል ይላል። በእነዚህ አንቀጾች የትርጉም ልዩነት ክርክር አልተነሣም፤ ሁለቱም ወገን ያነበበው አንድ ነበር። ከአንቀጽ 17 ይልቅ በሰው ኑሮ ላይ የቆየ ውጤት ያመጣው ምናልባት ይህ የድንበር ጉዳይ ነው። ሆኖም አንቀጽ 3 በአንድ ግሥ ላይ የተመሠረተ አጭርና የሚያስገርም ታሪክ ስለሌለው መተረቻ ሊሆን አልቻለም። አንቀጽ 19ም እንዲሁ ተረሳ፤ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ፍጹም የተስማሙ ስለሆኑ ሁለቱም እኩል የታመኑ ናቸው የሚለው ግን ይኸው አንቀጽ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ውጤታችን ይህ ነው። ከቦታው የተቆረጠ ቃል ረጅም ዕድሜ ያገኛል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን አብሮት የነበረው ነው።

መ) መጽሐፍና ራዲዮ

ወደ ፍቅር ትርኢት እንመለስ። በመላው ዓለም የመጀመሪያው ታላቅ የወጣቶች ፍቅር ተብሎ የሚጠራው ሼክስፒር የጻፈው፥ ክቡር ከበደ ሚካኤልም ወደ አማርኛ የመለሱት የሮሜዎና የዡልዬት ታሪክ ነው። በድርሰቱ ዡልዬት ገና 14 ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ከሰገነት ሆና ከሮሜዎ ጋር የምትነጋገርበት ትርኢት ከቀረው ድርሰት ተለይቶ በሥዕል፥ በማስታወቂያና በቀልድ ሲባዛ ኖሯል። «ሮሜዎ» የሚለውም ስም በብዙ አገር ለሴት ልጅ የሚንከራተት ጎረምሳ መቀለጃ ሆኗል። የሁለቱ ልጆች መጨረሻ መርዝና ጩቤ መሆኑ በቀልዱ ውስጥ አይታይም።

በአገራችን ተመሳሳዩን ቦታ የያዘው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በጎጃም ምድር የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር የሚተርክ ሲሆን፥ ለብዙ ሕዝብ የደረሰው በንባብ ብቻ ሳይሆን ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው በመደመጡ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር የሰብለን ቤት አወቀ። ከዚህ በኋላ ስሞቹ ከመጽሐፉ ወጥተው በራሳቸው መሄድ ጀመሩ። በሠርግ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲባል ምርቃት ነው፤ በወዳጆች ጨዋታ ግን ያንኑ ርእስ ለሁለት ሳምንት ፍቅር የሚሰጥ ቀልደኛ አይጠፋም። «ጉዱ ካሳ»ም ከሰው ሁሉ የተለየ ነገር ለሚናገር ሰው መጠሪያ ሆነ። በመጽሐፉ ውስጥ ካሳ ዳምጤ «ጉዱ» የተባለው የዘመኑን ሥርዓት ስለሚነቅፍ ነው፤ የሚሥቁበት ሰዎች ከእርሱ ያነሰ አስተዋይነት እንዳላቸው አንባቢው ያያል። መጠሪያው ከመጽሐፉ ሲወጣ ግን አንዳንዱ ስድብ፥ አንዳንዱ ምስጋና አድርጎ ይጠቀምበታል። ቃሉ ያው ነው፤ የሚሞላው ሰው ይለያያል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ቢቀለድበትም ክብሩ አልተነካም። ብዙ ሰው ሙሉውን ያውቀዋልና። ቀልዱ የሚጎዳው ሙሉውን የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ነው።

ሠ) የአሜሪካው «ቱዋይላይት»

የወጣት ፍቅር ፊልም በኢንተርኔት መሣቂያ የሆነበትን መንገድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመከተል ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው «ቱዋይላይት» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ፊልሙ ስቴፈኒ ማየር እ.ኤ.አ. በ2005 ካሳተመችው ልብ ወለድ ተወስዶ፥ በካትሪን ሃርድዊክ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 ወጣ። 37 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ390 ሚሊዮን በላይ ገቢ አስገኘ፤ እስከ 2012 ድረስ አራት ተከታዮች ተሠሩለት። ታሪኩ ቤላ የተባለች የ17 ዓመት ተማሪ ኤድዋርድ ከተባለ፥ ደም በመጠጣት ከሚኖር ነገር ግን ሰው ላለመግደል ከወሰነ የማይሞት ጎረምሳ ጋር ስለ ያዛት ፍቅር ነው። ክርስተን ስቱዋርትና ሮበርት ፓቲንሰን ሁለቱን ሆነው ተጫውተዋል።

ከፊልሙ በብዛት የተቆረጡት ትርኢቶች የታወቁ ናቸው። በአንደኛው ቤላ ወደ ክፍል ስትገባ ሽታዋ ኤድዋርድን ስለሚፈታተነው አፍንጫውን በእጁ ይሸፍናል፤ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ግን ሊያስመልሰው የደረሰ ይመስላል። በሌላው ሸሚዙን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ይቆምና ቆዳው እንደ አልማዝ ሲያብረቀርቅ፥ ይህ የነፍሰ ገዳይ ቆዳ መሆኑን በታላቅ ሐዘን ይነግራታል። በሦስተኛው በጀርባው አዝሏት ዛፍ ላይ ሲወጣ በትንሽ ዝንጀሮ ስም እየጠራ አጥብቃ እንድትይዘው ይነግራታል።

እነዚህ ትርኢቶች ለመቆረጥ የተመቹት ለምንድን ነው? አንደኛ፥ ፊቱ ከቅርብ ስለተነሣ በትንሽ የስልክ መስታወት ላይ እንኳ በጉልህ ይታያል። ሁለተኛ፥ ንግግሩ አጭር ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ሦስተኛ፥ ፊልሙ በራሱ ላይ አይሥቅም፤ የሚያሥቀው ሐዘኑ ነው። አራተኛ፥ ብዙ ሰው አይቶታል፤ ያልታወቀ ነገር ቢለወጥ መለወጡን ማንም አያውቅም። ይህ አራተኛው ምክንያት በአዝማሪው ስንኝ ውስጥ ካየነው ጋር አንድ ነው።

የሣቁ ታሪክ ግን ሁለት ዘመን አለው፤ ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ፊልሙ በወጣበት ጊዜ የተሣቀው በፊልሙ ብቻ ሳይሆን በሚወዱት ልጃገረዶችም ላይ ነበር። የ13 እና የ14 ዓመት ሴት ልጆች የሚወዱት ነገር ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ንቀት በብዙ ቀልድ ውስጥ ተደብቆ ነበር። በዚያው ዘመን ጎረምሶች ስለሚወዱት የጦርነት ፊልም እንዲህ ያለ ውርጅብኝ አልወረደም። በሁለተኛው ዘመን፥ በተለይ ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ፥ በወረርሽኙ ምክንያት ሰው በቤቱ ሲቀመጥና ፊልሞቹ በ2021 በኔትፍሊክስ ለአሜሪካ ተመልካች ሲቀርቡ፥ እነዚያው ልጃገረዶች 25 ዓመት አልፏቸው ተመለሱ። ያንኑ ትርኢት እየቆረጡ፥ ያንኑ ንግግር እየቀለዱ፥ በልጅነታቸው የወደዱትን እንደገና አገኙት። ሮበርት ፓቲንሰን ራሱ በየቃለ መጠይቁ በፊልሙ ላይ ሲቀልድ ተሰምቷል። ሥዕሉ አንድ፥ ጽሑፉም ተመሳሳይ ሆኖ ሣቁ ግን የተለየ ነበር። የፊተኛው ከውጭ የመጣ ሣቅ ነው፤ የኋለኛው ከውስጥ።

ረ) የእኛ የፍቅር ፊልምና የእኛ ሣቅ

የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» ከተሠራበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ረጅም መንገድ መጥቷል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በዲጂታል ካሜራ መሥራት ስለተጀመረ የፊልሞቹ ቍጥር በዛ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ሲኒ ኢትዮጵያ» በሚል ስም የወጣው የምሁራን መጽሐፍ እንደሚያሳየው፥ ከእነዚህ ውስጥ የፍቅር ፊልምና አስቂኝ የፍቅር ፊልም ትልቁን ቦታ ይዘዋል። ፊልሞቹ ከሲኒማ ቤት ወደ ሲዲ፥ ከሲዲም ወደ ዩቲዩብ ተሸጋገሩ። ዩቲዩብ ላይ ያለ ፊልም በማንም እጅ ሊቆረጥ ይችላል፤ የተቆረጠውም በቴሌግራምና በቲክቶክ ውጫሌ ሻይ ቤት ድረስ ይደርሳል።

በእኛ ፊልም ላይ ያለው መሸማቀቅ ግን የራሱ የሆነ ምክንያት ያለው ይመስለናል። በልማዳችን ፍቅር በቀጥታ የሚነገር ነገር አልነበረም። ወይ በሰምና ወርቅ ይሸፈናል፥ ወይ በዘፈን ለሌላ ሰው እንደሚባል ተደርጎ ይነገራል፥ ጋብቻ ሲታሰብም ሽማግሌ ይላካል። በፊልም ግን ጎረምሳው ልጅቱን ፊት ለፊት አቁሞ «አፈቅርሻለሁ» ማለት አለበት፤ ካሜራው ሌላ መንገድ አይሰጠውም። ቃሉም የመጽሐፍ ቃል ነው፤ በቤታችን «እወድሻለሁ» እንኳ ስንት ጊዜ ይሰማል? ስለዚህ ተመልካቹ የሚሸማቀቀው ተዋናዩ ክፉ ስለ ተጫወተ ብቻ ሳይሆን፥ ራሱ ሊናገረው ያልደፈረውን ነገር ሌላው በአደባባይ ሲናገር ስላየ ነው። ሣቁ ያንን ድፍረት መሸሺያ ይሆናል።

ይህ ሁሉ በፊልም ላይ እስከሆነ ድረስ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ተዋናይ ሥራው መታየት ነውና። ነገር ግን ልማዱ ከፊልም ወደ ሰው ሲሻገር ምን እንደሚሆን ከእኛ አንዱ ያውቀዋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ለአንዲት የክፍል ጓደኛው የጻፋት ደብዳቤ በሌላ ተማሪ እጅ ገብቶ በክፍሉ ፊት ተነበበ። ከደብዳቤው አንዲት ሐረግ ተቆርጣ ቅጽል ስሙ ሆነች፤ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ በዚያው ተጠራ። ከደብዳቤው የቀረው ሁሉ፥ አባቷ በሞተበት ሳምንት ሊያጽናናት የጻፈው መሆኑም፥ ተረሳ። በዚያ ጊዜ ሐረጉን የሚያውቁት 60 የሚሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። ዛሬ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሌሊት ስንት ሰው ባወቀው! ልጅቱም ቢሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረችውም፤ የተሣቀው በእርሱ ብቻ አልነበረምና።

ሰ) መደምደሚያ

ከላይ ከዘረዘርነው ሦስት ነገር እንረዳለን።

በመጀመሪያ፥ የፍቅርን ትርኢት ቆርጦ መለወጥና በእርሱ መሣቅ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ልማድ አይደለም። መሣሪያው አዲስ ነው እንጂ ሥራው በአምባሰል ዜማ፥ በ«ተቀበል»ና በቤት መምቻው ስንኝ ውስጥ የቆየ ነው። ስለዚህ ሚም የሚሠራ ወጣት ባህሉን እየጣለ ነው የሚለውን ወቀሳ አንቀበልም።

ሁለተኛ፥ አዲሱ ነገር የጣራው መጥፋት ነው። በአዝማሪው ቤት ሣቂውና የተሣቀበት ይተያዩ ነበር፤ ዛሬ አይተያዩም። የአሜሪካው ፊልም እንዳሳየን፥ በአንድ ትርኢት ላይ ሁለት ዓይነት ሣቅ ሊኖር ይችላል፤ አንዱ የወደዱትን እንደገና የሚያቅፉበት፥ ሌላው የወደዱትን ሰዎች የሚያሳፍሩበት። የትኛው እንደሆነ ሥዕሉን በማየት ብቻ አይታወቅም፤ ማን እንደሚሥቅ ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ ይህም በተለይ ለታሪክ ተማሪ ነው፥ የተቆረጠ ቃል ምንጩን መጠየቅ ግዴታችን ነው። አንቀጽ 17ን የሚያውቅ ሰው አንቀጽ 3ን ካላወቀ የውጫሌን ውል አያውቅም። የዝናቡን ትርኢት ያየ ሰው ልጁ በዝናብ ለምን እንደ ቆመ ካላወቀ ፊልሙን አላየም። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን መቶ ዓመት ቆይቶ ስለ ዘመናችን የሚጽፍ ሰው በእጁ የሚያገኘው እነዚህን ቅንጫቢዎች ብቻ እንዳይሆን እንሠጋለን።

በውጫሌ ለጠየቁን አዛውንት የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ አዎን አባባ፥ ፍቅር በያዘው ሰው ይሣቃል፥ በእርስዎም ዘመን ይሣቅ ነበር፤ ግን የሚሥቀው ነገ በተራው የሚሣቅበት፥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነበር።

በመጨረሻ ጓደኞቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየአውራጃችሁ ስትሄዱ በአካባቢያችሁ መተረቻ የሆኑትን ቃላት፥ ስሞችና የፊልም ቅንጫቢዎች ሰብስቡ። በእያንዳንዱ ሥር ቃሉ በመጀመሪያ የተነገረው የት፥ መቼና ለማን እንደሆነ ጻፉ። በስብስባችሁ ውስጥ የሕያው ሰው ምስጢር ካገኛችሁ ግን አትጻፉት፤ እኛም የጓደኛችንን ሐረግ እዚህ ያልጻፍነው ስለዚህ ነው።